በእናቴ አልጋ የወረድነው ወንዝ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ባሮ ዳር ካለው ማንጎ ሥር አረፍ አልኩ። ጋምቤላ የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው፤ እሱ ካረፈ በኋላም እዚሁ ቀረሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አልታዘዝ ስላለኝ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ በዚያች ጥላ ለሁለት ከፍዬዋለሁ። ጥላው ሥር አጁሉ የምትባል ዓሣ ሻጭ አለች፤ ዕድሜዋ የልጅ ልጄን ያህላል፣ ወሬዋ ግን የእኩያ ነው። የዓሣው ሽታና የሞቀ ጭቃ ሽታ፣ ከማዶ የሚነደው ሣርም ተጨምሮበት ሲመጣ ሁልጊዜ ወደ ተወለድኩበት ወደ ይፋት ቆላ ይወስደኛል። ያን ዕለት ግን ሽታው ብቻ አልነበረም። አንድ ፈረንጅ በታንኳ እየወረደ ነበር። የጋምቤላ ሰው የሆነ አንድ ጎልማሳ ከኋላው ቆሞ ይቀዝፍለታል፣ ደግሞም የት የት መወርወር እንዳለበት በእጁ ያሳየዋል። ፈረንጁ ቀጭን ረዥም ዘንግ ይዞ ክሩን እንደ ጅራፍ ወደ ኋላ ወደ ፊት ካወናጨፈ በኋላ ውሃው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፈዋል።

«እማማ፣ ይኸ ሰውዬ ጤነኛ ነው?» አለችኝ አጁሉ።

«ምን አደረገ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ዓሣ ያዘ። ሦስቱንም አይቶ አይቶ ለቀቃቸው። እኔ እዚህ ገበያ አጥቼ!»

«ጤነኛ ነው። መንጠቆው ላይ ያሰረው ላባ ነው፤ ዓሣው ዝንብ መስሎት ይመጣል። እንዲህ ያለ ሰው በልጅነቴ አውቅ ነበር።»

«ላባ!» ብላ ሳቀች። «እንግዲያው የእኔን ዶሮ ልሽጥለታ።»

ታንኳዋ ወደኛ ስትጠጋ ፈረንጁ መንጠቆ ቀየረ። አዲሱን ክር ቋጠረ፣ ቋጠሮውን በምራቁ አርሶ አጠበቀው፣ ከዚያም አንገቱ ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ መቀስ የተረፈውን የክር ጫፍ ቅርጥ አደረገው። አጁሉ የሰጠችኝ ማንጎ እጄ ላይ ቀረ። ቤቴ ገብቼም ምሳ አልበላልኝ አለ። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ ግማሹን ብቻ የነገርኩት አንድ ነገር አለ።

እኔ የተወለድኩት ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ፣ ወንዙ አጠገብ ካለ መንደር ነው። ጊዜው መቼ ነው ብትሉኝ ዓመተ ምሕረቱን አላስታውስም፤ ጣሊያን የያዘን ጊዜ ነው፣ ጣሊያኖቹ የሚሠሩት መንገድ የጣርማ በርን ገደል ወርዶ ሮቢት ከደረሰ በኋላ። ጠጉሬ ገና ጋሜ ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ያን ጊዜ ሮቢት ማለት ከትልቁ ሾላ እስከ ድልድዩ ድረስ ነበረች። ገበያው ሾላው ሥር ይቆማል። ከጀውሃ ማሽላና ሰሊጥ ይመጣል፣ ከማጀቴ በኩል ሎሚና ሸንኮራ ይመጣል፣ ከካራቆሬ ፍየል ይነዳል። አንድ አሞሌ ጨው የሰጠ አንድ ቁና ማሾ ይዞ ይገባል። የጣሊያንን የወረቀት ብር ግን የሚወድ አልነበረም፤ ሴቶቹ «ይኼ ዝናብ ሲነካው ምን ሊሆን ነው?» እያሉ ማርትሬዛ ብር ነበር የሚጠይቁት። ነጭ አቡጀዲድ የለበሰች ሙሽራ ካለች ሦስት ቀን ይወራላታል። የቲማቲም ጣሳ ታጥቦ ዋንጫ ሆነ፣ የቤንዚን ቆርቆሮ ተዘርግቶ የሱቅ ጣሪያ ሆነ፣ ያረጀ የካሚዮን ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ሆነ። መንገዱ ላይ ድንጋይ የሚፈልጡት ሰዎች አንድ ዘፈን ነበራቸው፤ አለቃው ሲቀርብ ግጥሙ ስለ ሥራ ነው፣ ራቅ ሲል ስለ አለቃው ይሆናል፣ ዜማው ግን ንቅንቅ አይልም። ዛሬ እዚያ ግራና ቀኙ ሆቴል በሆቴል ሆኗል አሉ። ልጄ ባለፈው ዓመት አልፋ «ሾላ የሚባል አላየሁም» ብላኛለች። አይ፣ የመኪናው መስኮት በሌላው በኩል ሆኖባት ይሆናል እንጂ ያ ሾላ የሚቆረጥ አይመስለኝም።

በበረባሶ መጀመሪያ የሄደው የአባቴ ጓደኛ ሰይድ ነው። ገበያ መሃል ሲያልፍ ሴቶቹ «ዞር በሉ፣ ካሚዮን መጣ!» ይሉት ነበር። ሰይድ ቆዳ አልፊ ነው፤ ዘሩ ከአርጎባ ነው፤ ሲቆጣ የአያቶቹ ቋንቋ ያመልጠዋል። አባቴ ደምሴ ደግሞ ማሽላ አራሽ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ዓሣ አስካሪው» ነበር የሚለው። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ረጋ ያለ ውሃ ላይ ይበትናል፤ ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ በቅርጫት መልቀም ነው። አንድ ቀን እንዲህ ሲለቅም ጣሊያኑ ደረሰበት። ይህ ጣሊያን የመንገድ ሥራው ሹም ነው፤ ብሩኖ ይሉታል። ቀጭን፣ ጆሮው በፀሐይ የተላጠ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። አማርኛ የተማረው ከልብስ አጣቢው ሴት ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነበር የሚለው።

«አንቺ መጥፎ ነሽ!» ብሎ በአባቴ ላይ ጮኸ። «መድኃኒት የለም! ዓሣ አንድ፣ አንድ! በእጅ!»

አባቴ ሊያስሩኝ ነው ብሎ ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠ። ብሩኖ ቅርጫቱን አገላብጦ አየ፣ ከመካከሉ አንዱን ትልቅ ነጭ ዓሣ በሁለት እጁ አነሳና በስንዝሩ ለካው።

«ይህቺ የት አለች?» አለ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ብሩኖ ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ወንዙን እየወረደ ሲያጠምድ መሪው አባቴ ሆነ፤ ክፍያው ስኳር ነበር። «ጌታዬ፣ እኔ እኮ ሴት አይደለሁም» ቢለው፣ ሰይድ አጠገቡ ቆሞ «ተው ደምሴ፣ በሴትነትህ ስኳር ካገኘህ ምን ከፋህ?» አለው። እምቢ ማለት አይቻልም ነበር፤ እሺ ማለትም ስም ያጠፋል። ጎረቤት ፊት ለፊት ምንም አይልም፤ እናቴ ውሃ ስትቀዳ ግን ከኋላዋ «የጣሊያን ቀዛፊ ሚስት» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ብሩኖ ከአገሩ ያስመጣው የሸራ ጀልባ ነበረው። በመጀመሪያው ቀን የግራር እሾህ ወግቶት ሰጠመ። ሰይድ ይህን ሲያይ፣ ከታች ያሉት አፋሮች አዋሽን የሚሻገሩት በተነፋ ስልቻ ነው፣ ስምንት የፍየል ስልቻ ካለኝና ከላይ የሚታሰር ነገር ከተገኘ እኔ እሠራዋለሁ አለ። ከላይ የሚታሰረው ምን ይሁን ሲባል ብሩኖ ቤታችን ገባ፣ የእናቴን የጠፍር አልጋ በመዳፉ ጫን ጫን አድርጎ «ቡኖ! ጥሩ!» አለ። አለቀ። በሠርጓ የመጣ አልጋ ነው፤ እግሩ ዋንዛ፣ ጠፍሩ የበሬ ቆዳ። ሰይድ እግሮቹን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ከሥሩ ስምንቱን ስልቻ በአፉ ነፍቶ አሰራቸው፤ ብሩኖ መሃል ላይ ይቆማል፣ አባቴ ከፊት በረዥም እንጨት ይመራል፣ ሰይድ ከኋላ ይገፋል። እናቴ ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች።

«ይኸውላችሁ፣ ባሌ አልጋዬን ለወንዝ ዳረው» ትል ነበር። «ወንዙ በእኔ አልጋ ይንደላቀቃል፣ እኔ ሰሌን ላይ።»

ስለ እነዚያ እሑዶች ከአባቴ አፍ የሰማሁት ብዙ ነው። ብሩኖ አንድ ዓሣ ለመያዝ ግማሽ ቀን ይቆማል፤ ትንሽ ከሆነ መልሶ ይለቀዋል፤ አባቴ መጀመሪያ ላይ ያመመው መስሎት ነበር። ላባ፣ ጠጉር፣ መንጠቆና ክር የሚያስቀምጥባት አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን አለችው፤ ማንም እንዲነካት አይወድም። አንድ የገረማቸው ነገር ደግሞ ምሳው ነው። እኛ ክርስቲያኖች እስላም ያረደውን አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም፤ ሰይድና አባቴ የሃያ ዓመት ወዳጆች ሆነው በአንድ ገበታ ሥጋ ቀምሰው አያውቁም። ዓሣ ግን ቢላዋ አይደርስበትም፤ ቢስሚላሂም በስመ አብም ሳይባልበት ውሃው ራሱ ይገድለዋል። ስለዚህ አሸዋ ላይ እሳት ተነድዶ ሦስቱ ከአንድ ዓሣ ይቆርሱ ነበር። ሰይድ «አየህ፣ ካረጀን በኋላ ተገናኘን» ይል ነበር አሉ።

እናቴ ወንድ ልጅ ወለደች። በሦስተኛው ሳምንት ወባ ያዘው። ከሰውነቱ ግንባሩ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ጡት ይይዝና ይተወዋል። እናቴ ከእኔ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ሳይጠመቅ ሞቶባት ነበር። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፤ ከዚያ በፊት ከሞተ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ አይቀበርም፣ በጸሎት የሚጠራበት ስምም የለውም። ያ የመጀመሪያው ልጅ ማሽላው ማሳ ጥግ ላይ ነው ያለው፤ ድንጋይ አልተቀመጠበትም፤ በየዓመቱ ሲታረስ እናቴ ከቤት አትወጣም ነበር።

«ይኼኛውን ለማረሻ አልሰጥም» አለች።

ችግሩ ቤተ ክርስቲያናችን መቃጠሉ ነው። ታቦቱንና ቄሳችንን አባ ተክሌን ከወንዙ ማዶ፣ ገደል ሥር ባለ ዋሻ የሸሸጓቸው አርበኞቹ ናቸው። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያወራም፤ ጣሊያኖቹ ደግሞ ቄሱ ያለበት አርበኛው አለ ብለው ይፈልጓቸዋል። ድልድዩ ላይ ኬላ አለ፣ ያለ ወረቀት አያሳልፍም። መሻገሪያዎቹ ሁሉ ዘበኛ አላቸው። ሳይጠየቅ ወንዙን የሚሻገር አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«በምን እንሻገራለን?» አለች እናቴ።

«በአልጋሽ» አላት አባቴ።

አርባኛው ቀን እሑድ ላይ ዋለ። አባቴ ለብሩኖ፣ ሚስቴ ዓሣ በሎሚና በበርበሬ ስትጠብስ ጣት ያስቆረጥማል፣ ልጅዋን የምትይዝላት ሴት ልጄን ጨምራ ትምጣ አለው። ብሩኖ ትከሻውን ሰበቀ። ሰይድን አባቴ የነገረው ግን እውነቱን ነው፤ ሰይድ ትንሽ አሰበና «የእናንተን ጥምቀት እኔ አላውቀውም» አለ። «ልጅ ያለ ስም እንደማይቀበር ግን አውቃለሁ። ፈረንጁን ለእኔ ተውት።»

እናቴ በዋዜማው ሦስት ቀለም ድርና ማግ ፈትላ ማተቡን ራሷ ገመደች። ካህኑ ባርኮ አንገቱ ላይ የሚያስርለት ክር ነው። «አስካለ፣ ይህን ላንቺ ነው የምሰጠው፤ አንቺ ነገር አይጠፋብሽም» ብላ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠረችልኝ። እውነትም ነገር አይጠፋብኝም ነበር። እስከ ዛሬም የቤቴን መርፌ ቁጥር አውቃለሁ።

ጠዋት ከድልድዩ በታች ተሳፈርን። የክረምቱ ጎርፍ አልፎ ውሃው ጠርቶ ነበር፤ ከሥር ድንጋዩ ይታያል። ብሩኖ ልጁን ሲያይ አገጩን በጣቱ ነካ አድርጎ «ትኩስ» አለ፤ ትኩሳቱን ማለቱ ነው። የሕፃኑ አንገት ባዶ እንደነበር ያን ጊዜ እንዳየ ኋላ ነው የገባኝ። ግራርና ዘምባባ በግራም በቀኝም ያልፋሉ፣ አልጋው ይንቋቋል፣ ስልቻዎቹ ይተነፍሳሉ፣ እናቴ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ውዳሴ ማርያም እየደገመች ነው። አንድ ቦታ ወንዙ በሁለት አለት መካከል ይጠብባል። እዚያ ስንደርስ ውሃው ላያችን ላይ ተገለበጠ። እኔ ሕፃኑን በሁለት እጄ ጭምቅ አድርጌ ያዝኩት፤ ነጠላዬ ተፈትቶ ግማሹ ውሃ ውስጥ ገባ። ሰይድ ከኋላ «አይዞሽ አስካለ! አልጋው የናትሽ ነው፣ አይጥልሽም!» አለኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ነጠላዬን ስሰበስብ ቋጠሮው ተፈትቷል፤ ማተቡ የለም።

አልተናገርኩም። ምን ብዬ? እናቴ ልጅዋን ተቀብላኝ እየጸለየች ነው።

ማዶ፣ ጥልቅ ኩሬ ያለበት ቦታ ላይ ወረድን። ብሩኖ ዘንጉን ሰካክቶ፣ የቆርቆሮ ሣጥኑን አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከፈተ፣ ላባ መርጦ አሰረና እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ ገባ። እናቴ «እንጨት ለቅመን እንመጣለን» አለች። አባቴ «ጅብ ያለበት ነው፣ ብቻቸውን አይሄዱም» ብሎ ተከተላት። እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። ሣጥኑ ክፍት ነው። የገለባ ቀለም ያለው፣ በሰም የታሸ የሐር ክር በትንሽ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ብሩኖ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ከሦስት ክንድ የሚተርፍ መዝዤ በጥርሴ በጠስኩ፣ የቀረውን መልሼ ጠቀለልኩና ሮጥኩ። በሕይወቴ የሰረቅሁት ያንን ብቻ ነው።

ዋሻው ሩቅ አይደለም፣ ግን ዳገት ነው። አባ ተክሌ ከስተው ነበር፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ሜሮኑ ከጠርሙሱ ሥር ብቻ ቀርቷል፤ ገልብጠው በጣታቸው ጠረጉት። ክርስትና አባት የሆነው ከዋሻው ጠባቂዎች አንዱ ነው፤ ጠመንጃውን ለአባቴ አስይዞ ሕፃኑን ታቀፈ። ወንድሜ ውሃው ሲነካው ጮኸ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ጮኾ አያውቅም፤ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች።

«ማተቡስ?» አሉ አባ ተክሌ።

አቀበልኳቸው። በጣታቸው አሹት። «ሰም ሰም ይላል። ከጧፍ የተመዘዘ ነው?»

«አዎ፣ አባ» አልኩ።

በሥላሴ ስም ሦስት አድርገው ገመዱት፣ አንገቱ ላይ አሰሩት። ጫፉ ረዥም ሆኖ ቀረ፤ መቀስ አልነበረም፣ ችኮላም ነበር። ገብረ ማርያም ተባለ። ስንወርድ እናቴ ልጁን ገልጣ አየችና ቆመች።

«የእኔ ክር የታለ?»

«ውሃ ነክቶት ነበር። አባ የራሳቸውን አሰሩለት።»

«የጧፍ ክር» አለች፣ ቃሉን ዋሻ ውስጥ ሰምታው ኖሯል። «ከታቦቱ ፊት የበራ።» ሳመችውና መንገዷን ቀጠለች። እኔም ተከተልኳት።

ወንዝ ዳር ስንደርስ ሰይድ ላብ አጥምቆታል፣ ብሩኖ ግን እንደ ሙሽራ ይስቃል። ኋላ ሰይድ እንደነገረን፣ እኛ ከሄድን በኋላ አንድም ዓሣ አልመጣ አለ። ብሩኖ «ባስታ፣ በቃ፣ እንሂድ! ሴቶቹን ጥሪ!» ብሎ ዘንጉን መንቀል ጀመረ። ሰይድ «ጌታዬ፣ ትንሽ ይታገሡ፣ ዓሣውም እሑድ ነው፣ አርፍዶ ይነሣል» አለና ከወንዙ መታጠፊያ በላይ ካለው ሣር ውስጥ ገባ። ፌንጣ በቆቡ እየያዘ፣ ክንፋቸውን እየቀነጠሰ፣ አሥርም ሃያም እያደረገ ውሃው ላይ ይለቃቸዋል። ፌንጣው ተንሳፍፎ ኩሬው ሲደርስ ዓሣው ሁሉ ለመልቀም ወደ ላይ ወጣ፤ በመካከሉ የብሩኖ ላባም አለ፣ ማን ይለየው? «ጉልበቴ እስኪንቀጠቀጥ ስፈናጠር ዋልኩ» አለ ሰይድ። «ለእናንተ ታቦት የሰገድኩ ያህል ነው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

እናቴ እሳት አንድዳ ዓሣውን ጠበሰች። ብሩኖ የተበላ ላባውን ሊቀይር ሣጥኑን ከፈተ። ክሩን አነሳ። እኔ የጠቀለልኩት በግራ ነው፤ እሱ ሁልጊዜ በቀኝ ይጠቀልላል። ክሩን እያየ ቆየ። ከዚያ ሰይድን አየ፣ አባቴን አየ፣ እኔን አየ። እኔ አሸዋውን አየሁ። ሣጥኑን ዘጋና መጥቶ ከእኛ ጋር ዓሣ ቆረሰ።

ቀሪውን ወንዝ ወርደን ካሚዮኑ የሚጠብቅበት ቦታ ደረስን። ካሚዮኑ አጠገብ ኬላ አለ፤ ወደ ሮቢት የሚመለስ ሁሉ እዚያ ይቆጠራል፣ ይፈተሻል። ሰይድ የስልቻዎቹን አፍ እየፈታ አየሩን ያስተነፍሳል፤ ፉጨቱ ሕፃኑን ቀሰቀሰው። እኔ ታቅፌው ነበር። ሲወራጭ መጎናጸፊያው ተገለጠና አንገቱ ወጣ። ቀና ስል ብሩኖ ከፊቴ ቆሟል። ክሩን ነው የሚያየው። የራሱ ክር ነው፤ እንኳን እሱ፣ ሣጥኑን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ያውቀዋል። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጫፉ እስከ ደረቱ የተንጠለጠለ። ጠዋት ባዶ የነበረ አንገት። ዛሬ፣ ከዚህ ሜዳ ላይ፣ ቄስ ካልነካው ከየት መጣ?

ከኪሱ ትንሽ ቢላዋ አወጣ።

እናቴ «በማርያም!» ብላ ተነሣች። አባቴ የሚመራበትን ረዥሙን እንጨት ጨበጠ። ሰይድ ስልቻውን እንደያዘ «ደምሴ፣ ተው» አለ በቀስታ። ብሩኖ በግራ እጁ ማተቡን ከሕፃኑ አንገት ጥቂት አራቀው፣ ከቋጠሮው ሥር የተረፈውን ጫፍ ቅርጥ፣ ሁለተኛውንም ቅርጥ አደረገው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን ጭቃ ነካና ክሩን ዙሪያውን አሸው። ያ የሚያብረቀርቅ ነገር ጠፋ፤ ዓመት የታሰረ መሰለ። ቢላዋውን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ካሚዮኑ ሄደ።

ላባ ባሰረ ቁጥርም ሁልጊዜ እንዲሁ ያደርግ ነበር፤ ጫፉን ይቆርጣል፣ ከዚያም በጣቱ ያሸዋል። እጁ ልማዱን አደረገ ወይስ ልቡ አሰበ፣ እኔ ውስጡን አላየሁም። መንገዱን የሚሠራው ማንን ለማመላለስ እንደነበርም አልረሳሁም።

ኬላው ላይ ዘበኛው ቆጠረን። መጎናጸፊያውን በጣቱ ገለጥ አድርጎ ሕፃኑን አየ፣ ክሩን አየ።

«ታሟል?»

«ወባ ነው» አለች እናቴ።

«ማርያም ትማረው» ብሎ መልሶ ሸፈነው።

ወንድሜ እስከ ጥር አልቆየም። ከተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን አጸድ፣ ከግንቡ ሥር ቀበርነው፤ ክሩ አንገቱ ላይ ነበር። አባቴ አንድ ትልቅ የወንዝ ድንጋይ ተሸክሞ አምጥቶ አስቀመጠበት። ብሩኖ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ መንገድ ተዛወረ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንዳገኘው አላውቅም። አልጋውን ግን መለሰልን። ጠፍሩ ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር፤ እናቴ በሎሚ አጥባ አጥባ አልለቅ ሲላት ተኛችበት፣ እዚያው ላይም አረፈች።

እስክትሞት ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራው ነበር። «ለልጄ ያሰሩለት ከታቦቱ ፊት የበራ የጧፍ ክር ነው» ትላለች። ሰዉ «እሰይ!» ይላል፣ እኔ ቀና ብዬ አላይም። አንድ ጊዜ ልነግራት ተነሥቼ ነበር። ፊቷን ሳይ ተውኩት። ለንስሐ አባቴ መስረቄን ተናግሬ ስግደት ተቀብያለሁ፤ ለአባ ተክሌና ለእናቴ መዋሸቴን ግን አልተናገርኩም፤ እሱን ብናገር እናቴን ከዚያ ደስታዋ የማወርዳት ይመስለኝ ነበር። አሁን እሷም የለች፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ ስለዚህ ተጽፎ ይቀመጥ። ክሩ የጧፍ አይደለም። ያን ቀን በእናቴ አልጋ ከወረድነው መካከል ይህን የምናውቅ ሁለት ነበርን፤ የሰረቅሁት እኔና የተሰረቀው እሱ።